የሄደን መናፈቅ፣ የቀረን መፍራት

ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚወጣ መንገደኛ ደሴንና ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፈ በኋላ መርሳ ላይ ወርዶ እግሩን ማፍታታቱ፣ አንድ ሁለት ስኒ ቡና መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው። የደሴን ብርድ ተሸክሞ ለመጣ ሰው የሀብሩ ሙቀት እንደ ዘመድ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊም እንዲሁ ወርዶ፣ ከመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ከተቀመጠች ሴት ዘንድ ቡና እየጠጣ ነበር። ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ አምባሰል ይንቆረቆራል። ዘፋኟ የሄደባትን ሰው ትናፍቃለች፤ እንቅልፍ አጥታለች፣ እህል አልቀምስ ብላለች፣ ሞትም ቢመጣ የምትጠላ አትመስልም። ከአጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ስኒውን እንደያዘ በረጅሙ ተነፈሰና «ፍቅርስ እንዲህ ነበር!» አለ። ቡናውን የምትቀዳው ሴት ቀና ሳትል መለሰችለት፦ «የሄደማ ይናፈቃል፤ የቸገረው ያልሄደው ነው።»

ሁላችንም ሣቅን። እሷ ግን አልሣቀችም።

ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዤ ወልድያ ገባሁ፤ እነሆ እስከ ዛሬም አለቀቀችኝም። ስለ ዘፈናችንና ስለ ልቦለዳችን ብዙ የሂስ ጽሑፍ ያላሳየኝን ነገር አሳይታኛለችና። የኪነት ሀብታችን ለሄደው፣ ለራቀውና ለሞተው ሰው የተሰናዳ ነው። ለተለየን ሰው ዜማ አለን፤ «ትዝታ» ብለን ቅኝት ሰይመንለታል። በየማታው በር ከፍቶ ለሚገባውና ቤቱን በፍርሃት ለሚሞላው ሰው ግን ዜማ የለንም። ዜማ ስለሌለን ስም የለንም፤ ስም ስለሌለን ደግሞ ሁለቱን ሥቃይ፣ የናፍቆቱንና የፍርሃቱን፣ በአንድ ቃል «ፍቅር» እያልን እንጠራቸዋለን። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው።

ሕመም እንደ ጌጥ

በዜማችን ከሚታወቁት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል ለሀብሩ ድንበርተኛ ጎረቤት ነው፤ የመርሳ ሰው ስሙን ሲሰማ ተራራውንም ዜማውንም በአንድ ጊዜ ያስባል። ወሎ የፍቅር አገር ነው የሚባለው ስም ከእነዚህ ዜማዎች ጋር ተያይዞ የመጣ ስለሆነ፣ ፍቅርን እንዴት እንደምናስብ ለማወቅ ከእነሱ መጀመር ደግ ነው።

እነዚህን ዜማዎች ሲሰማ ያደገ ሰው የአፍቃሪውን ምልክቶች በቃሉ ያውቃቸዋል። እንቅልፍ ይርቀዋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ያለ ተወዳጁ መኖር ትርጉም የለሽ ይሆንበታል። እነዚህኑ ምልክቶች ይዘን አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ብንቀርብ «ይህ ከጀመረህ ስንት ሳምንት ሆነህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ የሐዘን ስሜት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ደስታ የሚሰጥ ነገር ሁሉ መጥፋት፣ ሞትን መመኘት የድባቴ ምልክቶች ናቸውና። በዘፈን ውስጥ ግን ጌጥ ናቸው። አፍቃሪው ይበልጥ በታመመ ቁጥር ይበልጥ እንዳፈቀረ ይቆጠርለታል።

ዘፈኑን ለመክሰስ አይደለም። እንዲያውም ሐቁን ለመናገር አምባሰል የሚፈውስ ነገር ነው። በዘፈን የወጣ ሐዘን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ማሲንቆው ሲቆም እሱም ይቆማል። ደግሞም ብቻውን የሚዘፍን የለም፤ ተቀባይ አለ፣ «ይበል!» የሚል አለ። ቅርጽ ያገኘ ሐዘን፣ አድማጭም ያገኘ ሐዘን፣ ሰውን አይጥልም። ጥፋቱ የሚጀምረው የዘፈኑን መለኪያ ወደ ቤታችን ይዘን የገባን ዕለት ነው። የሌለ ሰው ምን ያህል እንዳሳመመን የፍቅራችን ልክ ከሆነ፣ ያለ ሰው የሚያሳምመንም በዚያው ሚዛን ይመዘናል። «ቢቀና ነው፤ ስለሚወድሽ ነው።» «ስልክሽን የሚፈትሸው ስለምታሳስቢው ነው።» «ባትወደው ኖሮ እንዲህ አያንገበግብሽም ነበር።» የሥቃይ መጠን የፍቅር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የናፍቆት ሰዋስው ፍርሃትን ሊገልጽ ተገደደ።

የሁለቱ ልዩነት ግን ግልጽ ነው። ናፍቆት የሰውየውን እግር ኮቴ ለመስማት መመኘት ነው። ፍርሃት ያንኑ ኮቴ ሰምቶ መደንገጥ ነው። ጤናማ ግንኙነት ጠብ የሌለበት አይደለም፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ ጓደኛና ጓደኛ ይጣላሉ። ጤናማነቱ የሚታወቀው የውስጥን ለመናገር ፈቃድና ድፍረት የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ቃላቱን እየቆጠረ፣ ፊት እያነበበ፣ «ዛሬ ምን ዓይነት ቀን ይሆን?» እያለ የሚውል ከሆነ አካሉ እንደ ዘብ ጠባቂ ሌሊትና ቀን ይቆማል። ዘብ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ፣ የልብ ምቱ፣ ቅዠቱ፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚለው ሁሉ ተከታትሎ ይመጣል። ሕመምተኛዋ ራሷን እየታከመች ዓመታት ታሳልፋለች፤ ቤቷን የሚጠይቃት ግን አታገኝም።

ሰብለንና በዛብህን ትተን

ወደ ልቦለዱ እንሻገር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ማንበብ የማይችለውም ጭምር የሚያውቀው መጽሐፍ ሆኗል። የመጽሐፉ ፍቅር ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። ርዕሱም ወደዚያው ይመራናል። ሁለቱ ግን አብረው አልኖሩም። ፍቅራቸው የመለያየት፣ የስደት፣ የመንገድና የሞት ፍቅር ነው፤ እንደ አምባሰሉ የሄደን ሰው መናፈቅ ነው። ልባችንን የሚሰብረውም ለዚሁ ነው።

ይህ ጸሐፊ መጽሐፉን ደግሞ ሲያነብ ያቆመው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ቶሎ ወደ ሰብለ ለመድረስ ስንል የምንዘለው የመጀመሪያው ክፍል ላይ። እዚያ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አሉ። እሱ ዕድሜው የገፋ፣ ዘመድ የሌለው ብቸኛ ሰው ነው። እሷ የቀድሞ ባሎቿ ስለሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴት ናት። አገር የሸሻትን ሴት ቦጋለ አልሸሻትም። ማንም ሊዘፍንለት የማይመጣ፣ ድምፅ የሌለው ትዳር ነው፤ ሆኖም ሁለት ብቸኛ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ፍርሃት ያራገፉበት ቤት ነው። በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ጤናማ ግንኙነት አሳየን የሚል አንባቢ ካለ እነሆ አለ፤ ግን አላየነውም፤ ምክንያቱም አያስለቅስም። ደራሲው እዚህም ላይ የዋህ አልሆኑም። እነዚሁ ደግ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው የተሳሉት ስለት በኋላ የልጁን ሕይወት እንዳሰረው ያሳዩናል። ፍቅር ሳያስበው የሚያስር ገመድ ሊሆን ይችላል።

በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለው ደግሞ ሌላ ነው። የፊታውራሪ የዘር ኩራት ጠያቂን ሁሉ ሲመልስ ልጃቸው ዕድሜዋን በግቢ ውስጥ ትጨርሳለች። አባቷን አትጠላም፣ አባቷም አይጠሏትም። ጨካኝ ሰው ሳይኖርም የታመመ ግንኙነት እንዳለ ሐዲስ ከብዙ የሥነ ልቡና መጽሐፍ በፊት ነግረውናል። ይህን ሁሉ አይቶ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም አገሩ ያወጣለት ስም «ጉዱ» ካሣ ነው። የቤቱን በሽታ የሚናገረው ሰው በሽተኛ ተብሎ ይሰየማል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ በልቦለድ ብቻ የቀረ ይመስልዎታል?

በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ነገሩን ወደ ከተማና ወደ ወንዱ ልብ አመጣው። አበራ ወርቁ የውስጡ ምኞት ሌላ፣ የዕለት ኑሮው ሌላ የሆነበት ሰው ነው፤ ቅናት ጓደኛውን ኃይለማርያምን እስከ መግደል ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ ይህን መጽሐፍ የኪነጥበብና የኑሮ ግጭት አድርገን አንብበነዋል፤ ትክክል ነው። ሆኖም የተማረ ወንድ ፍርሃቱንና ሽንፈቱን የሚናገርበት ቋንቋ ሲያጣ ቅናቱ በጥይት እንደሚናገር የሚያሳይም መጽሐፍ ነው። ከዚህ ልብ ብለን የምናየው፣ የታመመ ግንኙነት ሴቷን ብቻ የሚጎዳ አለመሆኑን ነው። የሚያስፈራውም ሰው በአብዛኛው አንድ ያልተነገረ ነገር ያለበት ነው። ያልተነገረው ነገር ግን ለድርጊቱ ይቅርታ አይሆነውም።

የመንግሥቱ ለማ ዝነኛ ኮሜዲ «ጠልፎ በኪሴ» (1961 ዓ.ም.) በበኩሉ ጠለፋን ለሣቅ አቀረበ። በተመልካችነት እኔም ሥቄያለሁ። ያኔ ግን ሕጉም ከእኛ ጋር ይሥቅ እንደነበር እናስታውስ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል ከጠለፋ በኋላ ምን ትርጉም እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ሕግ ሲያረጅ ሣቁም አብሮት ያረጃል። ተውኔቱን ዛሬ መድረክ ላይ የሚያወጣ አዘጋጅ ተመልካቹ ከየትኛው መስመር ላይ መሣቅ እንደሚያቆም ልብ ብሎ ማዳመጥ አለበት።

ሆድ ይፍጀው

ያለ ሰው ለሚያደርሰው ሥቃይ ዜማ የለንም አልሁ እንጂ አንድ ሐረግስ አለን፤ «ሆድ ይፍጀው»። የዝምታችን ሁሉ ማኅተም ነው። ሐረጉ ራሱ ምን እንደሚል ግን አስተውለን አናውቅም። ነገሩ ጠፋ አይልም፤ ሆድ ይፍጀው ነው የሚለው። ሆድ ደግሞ ሲፈጅ ራሱ ይፈጃል።

ይህ ዝምታ ስንት ቤት እንዳለ ቁጥሮች ይናገራሉ። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ሌላም ነገር ጠይቆ ነበር፤ ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም አብራው ለመተኛት እምቢ ብትል ባል ሊመታት ይገባል ወይ? ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ይገባል» ካሉት መካከል ወንዶቹ 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የሴቶቹ ቁጥር 85 በመቶ ስለነበር መሻሻል አለ። ቢሆንም ተመቺዋ ከመቺው ይልቅ ዱላውን «ተገቢ ነው» ማለቷ ለሂስ ሰው ትልቅ ጥያቄ ነው። ዘፈኑን ከዘፋኙ ይልቅ አድማጯ አጥብቃ ተምራዋለችና።

የአእምሮው ጉዳት የገጠሩን ሰው አይነካም የሚል ቢኖር ወደ ደቡብ ዞር ይበል። በቡታጅራ አካባቢ ከተካሄደውና የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ካሠራው ጥናት አንዱ ክፍል እንደሚያሳየው፣ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እዚያው የተደረገው ተከታይ ምርመራ ደግሞ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ድባቴ ይበልጥ እንደሚታይ አረጋግጧል። ወንዱም ሴቱም ያልታከመ ጭንቀቱን ይዞ ወዴት ይሂድ? ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ኪነት ይህን ዝምታ መስበር አይችልም የሚል ካለ አንድ የቅርብ ምሳሌ ልስጥ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። የሂስ ሰዎች እንዲህ ያለውን አስተማሪ ድራማ ንቀን አልፈነዋል፤ ስብከቱ ያይላል ብለን። እኔም ከሚንቁት አንዱ ነበርሁ። አሁን ግን የሠራው ስብከቱ ሳይሆን ቅርጹ ይመስለኛል። ዘፈን አምስት ደቂቃ ነው፤ ለመለያየት ይበቃል። ተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ ይመለሳል፤ ልክ እንደ ባል ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። አብሮ መኖርን፣ በቀስታ መፋቀርን፣ በቀስታም መበላሸትን ለማሳየት ጊዜ ያለው ቅርጽ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሆዳቸው ሲፈጀው የቆየውን ነገር በሌላ ሰው ቤት ሲደርስ ሰሙት፤ ብዕር አነሡ።

ምን ነካት? ማን ነካት?

ወሎ የሕመምን ዜማ ብቻ ሳይሆን የመዳንን ባህልም ያኖረ አገር ነው። በወልድያም በመርሳም ሰው ብቻውን አይታመምም። ቅሬ አለ፤ እስላምና ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያስለቅሰው፣ የሚያስቀብረው ማኅበር። ቡና አለ፤ እስከ በረካ ድረስ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ጎረቤት የጎረቤቱን ፊት የሚያነብበት። ወዳጃ የሚባለው ሥርዐትም አለ፤ ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲታመም ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ቀርቦ፣ ዱዓ እየተደረገ የሚታደርበት። ስሙ ራሱ ጆሮ ለሰጠው ብዙ ይናገራል፤ ሕመምተኛ የሚድነው በወዳጅ መካከል ነው ይላል። ዘመናዊው የሥነ ልቡና ሕክምና በቡድን ተቀምጦ መነጋገር የሚለውን ይህ አገር በሌላ ስም ሲያውቀው ኖሯል።

ሆኖም ለባህላችን ፍቅር ስንል ጉድለቱን አንሸፍን። ወዳጃውም ዛሩም የሚጠይቁት «ምን ነካት?» ብለው ነው። «ማን ነካት?» አይሉም። ዛር ያለባት ሴት በመንፈሱ አፍ ልብስም ሽቶም እረፍትም ትጠይቃለች፤ ባልም ለዛሩ ሲል ይፈጽማል። በገዛ አፏ ብትጠይቅ ግን የማታገኘው ነበር። ይህም ብልሃት ነው፤ ነገር ግን መንፈሱ ሲሄድ ሴትዮዋ ከዚያው ሰው ጋር ትቀራለች። ሽምግልናውም እንዲሁ ነው። የወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡ ወገኖችን በማስታረቅ የተከበሩ ናቸው። ደም ያልፈሰሰበት፣ በዝምታ የሚፈርስ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌ የሚያገኘው ሚስት ኮብልላ ስትሄድ ነው፤ እርቁም በአብዛኛው እሷን መመለስ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ጋብቻ በሁለቱም ሙሉ ፈቃድና ከ18 ዓመት በኋላ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ በሩን አልፎ ለመውጣት የሚያበረታ ቃል ግን ሕግ ሊሰጥ አይችልም። እሱ የኪነት ሥራ ነው።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ሸክሙን አከበደው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳን ጨምሮ አብዛኛው ሰሜን ወሎ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች በሴቶች ላይ የተፈጸሙ የአስገድዶ መድፈር ወንጀሎችን መዝግቧል። ከዚህ የተረፈች ሴት ወደ ባሏ፣ ባሏም ወደ እሷ የሚመለሱበት ቋንቋ ከየት ይምጣ? ስለ ጦርነቱ የጀግንነትና የሙሾ ግጥም አልጠፋም። በጦርነቱ ማግስት በአንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ስለሚተኙ ሁለት ሰዎች ግን ማን ጻፈ? እዚህም ለሞተው አለቀስን፤ ለተረፈው ቃል አጣን።

ከደራሲዎቻችንና ከዘፋኞቻችን የምንጠይቀው የጤና ጣቢያ ፖስተር እንዲሠሩልን አይደለም። አምባሰልንም ማንም አይንካብን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያልሄደውን ሰው ጻፉልን። ቦጋለና ውድነሽን እንደገና ጻፏቸው፤ ምሽት በሩ ሲንኳኳ የማይደነግጡትን። የሚደነግጡትንም ጻፉ፤ ግን ድንጋጤያቸውን ፍቅር ብላችሁ አትጥሩት።

ባለፈው ጊዜ በመርሳ ሳልፍ ወደዚያችው የጀበና ቡና ቦታ ሄድሁ። ጀበናው አለ፣ ሬዲዮኑም አለ፤ የምትቀዳው ግን ሌላ ልጅ ናት። «ያችኛዋስ?» አልኋት። «እሷማ ዓረብ አገር ሄደች» አለችኝ። ነገሩ አላስደነቀኝም፤ ሀብሩ ሴት ልጆቹን ወደ ባሕር ማዶ ሲሸኝ የኖረ ወረዳ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙ የወሎ ቤቶች የሄደ ሰው ሲመለስም ምን ያህል እንደሚከብድ አይተዋል። ከማን ሸሽታ እንደሄደች፣ ወይም ለማን ብላ እንደሄደች አልጠየቅሁም። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰው ግን ቤቷን የሚያውቅ ኖሮ «ባሏ እኮ አሁን ትዝታ ብቻ ነው የሚያደምጠው፤ አሳዘነኝ» አለ።

እነሆ እሷም ሄዳ ተናፋቂ ሆነች። አሁንማ ዜማ አላት።